የፊት ጎማ ለምን በአንድ ወገን ያልቃል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ አራቱም በየራሳቸው አነጋገር ስለ ፊት ጎማ አላይመንት፣ ማለትም ስለ ጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ መስተካከል ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጠያቂ ጉዳይ የሌሎቹንም ሥር የያዘ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ሕዝብ አመላልሳለሁ። ከአራት ወር በፊት ሁለት አዲስ የፊት ጎማ አስገጥሜ ነበር፤ የሁለቱም የውጭ ጠርዝ ገና ከአሁኑ ሊላጭ ደርሷል፤ መሐሉ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ አላይመንት አሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ተስተካክሏል» ተብዬ ወጣሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን መሪው እንደገና ይቅበዘበዛል። ጎሚስታው የጨረሰው የጣርማ በር ጠመዝማዛ ነው ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ አነዳዴን ይከሳል። ጥፋቱ የምንድን ነው?
የሚኒባስ አሽከርካሪ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጥያቄዎን በሁለት ከፍለን ብናየው ይሻላል። አንደኛው ጎማዎ ለምን እንዲህ ያልቃል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚበልጠው አላይመንቱ ለምን አይጸናም የሚለው ነው።

ጎሚስታው የተናገረው ከፊል እውነት አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዘልቀው መንገድ መኪናን ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል፤ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ የመኪናው ክብደት ከመዞሪያው ውጭ ወዳለው ጎማ ይጋደልና ያ ጎማ በውጭ ትከሻው ተደግፎ ይዞራል። ስለዚህ በዚህ መስመር ዘወትር የሚመላለስ መኪና አላይመንቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ የፊት ጎማዎቹ የውጭ ትከሻ ከመሐሉ ቀድሞ መሳሳቱ አይቀርም። ሆኖም ኩርባ የሚያመጣው መሳሳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ትከሻውንም አለዝቦ ያድቦለቡለዋል እንጂ በአራት ወር ውስጥ ላጭቶ አይጥለውም።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ መዳፍዎ ይበቃል። መኪናውን ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ፤ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው የፊቱ ጎማ ፊቱን ወደ ውጭ ሲያወጣልዎት መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ አሳርፈው ከውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ጠርዝ በቀስታ ይሳቡት፤ ቀጥሎም በመጣበት መንገድ ይመልሱት። እጅዎ ወደ ውስጥ ሲሄድ ልስልስ ሆኖ አልፎ፣ ወደ ውጭ ሲመለስ ግን እያንዳንዱ ጥርስ እንደ መጋዝ ከነካከሰዎት፣ የጎማዎቹ የፊት አፍ ከሚገባው በላይ ጠቧል ማለት ነው። ስሜቱ የተገላቢጦሽ ከሆነ የፊቱ አፍ ሰፍቷል። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ልስልስ ሆኖ ትከሻው ብቻ ከተድቦለቦለ ግን ጎሚስታው ትክክል ነው፤ ያኔ የሚያስፈልግዎ በየ8,000 ወይም 10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ማቀያየር ነው።

ይህ የአፍ መጥበብና መስፋት በሙያው ቶ ይባላል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከላይ ወደ ታች ቢመለከቷቸው በፊት በኩል ያላቸው ርቀት በኋላ በኩል ካላቸው ርቀት ካነሰ ቶ ኢን፣ ከበለጠ ደግሞ ቶ አውት ይሆናል፤ ሰው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያዩት ያለ ነገር ነው። እንደ እርስዎ መኪና ባሉ የኋላ ጎማቸው በሚገፋ ተሽከርካሪዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቶ ኢን ነው፤ መኪናው ሲሄድ የመንገዱ መቋቋም የፊት ጎማዎቹን በመጠኑ ወደ ውጭ ስለሚከፍታቸው፣ ቆሞ ሳለ ትንሽ ጠበብ ያለው በጉዞ ላይ ቀጥ ብሎ ይገኛል።

ሚሊ ሜትር ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል ብለው እንዳያቃልሉት ስሌቱን ልንገርዎ። ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ቶው ከሚገባው በ7 ሚሊ ሜትር ቢዛባ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ 3.5 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ጎማውም በሚጓዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል በጎን ለመፋቅ ይገደዳል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ሄደው ሲደርሱ እያንዳንዱ የፊት ጎማዎ 650 ሜትር በጎኑ ተጎትቷል። በቴክኒክ ምርመራ ወቅት መኪና በላዩ ሲያልፍ ወደ ጎን የሚንሸራተት ሰሌዳ አይተው ከሆነ፣ የሚለካው ይህንኑ በኪሎ ሜትር የሚታሰብ የጎን መፋቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አላይመንት ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ሁለት ጊዜ ከተበላሸ፣ የላላው አላይመንቱ ሳይሆን እርሱን የሚይዘው ነገር ነው። መለኪያው መሣሪያ የሚያነበው መኪናው ቆሞ ባለበት ደቂቃ ጎማው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ታይሮዱ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ቦል ጆይንቱ (ጎማው የሚታጠፍበት ክብ መገጣጠሚያ)፣ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ወይም የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (ላስቲክ) ልቅነት ካለው፣ ያው ጎማ ከጋራዡ ወጥቶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ ሌላ ቦታ ላይ ይቀመጣል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ አይኖርም።

ይህን የምናገረው በእጄ ስላየሁት ነው። ሙያውን በምማርበት ጋራዥ አንድ የጭነት ፒክአፕ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለአላይመንት ተመለሰ። ሦስቱንም ጊዜ የለካሁት እኔ ነበርሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩን አስተካክዬ ሰጠሁ፤ ጎማውን በክሪክ አንሥቼ ስነቀንቀው ምንም የሚታይ ልቅነት አልነበረውም። በሦስተኛው ጊዜ አለቃዬ ክሪኩን አስወርደው መኪናው በራሱ ክብደት ሳለ ከሥር እንድተኛ፣ ጣቴንም በታይሮዱ ጫፍ መገጣጠሚያ ላይ እንዳሳርፍ አዘዙኝ፤ እርሳቸው ከላይ መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ነቀነቁት። ዓይኔ ምንም አላየም፤ በጣቴ ሥር ግን በእያንዳንዱ ምልስ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል የተሰወረ እንቅስቃሴ ተሰማኝ። ያ መገጣጠሚያ ተቀይሮ አንድ ጊዜ ከተለካ በኋላ መኪናው ለዚያ ጉዳይ ተመልሶ አልመጣም። ባለንብረቱ ሦስት ጊዜ የከፈሉት ገንዘብና ያለቀባቸው ጎማ ግን እኔ ባለመፈተሼ የመጣ ኪሳራ ነበርና እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛው አላይመንት ከመሄድዎ በፊት ይህን ያስፈትሹ። መጀመሪያ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ጎማውን በግራና ቀኙ ይዞ መነቅነቅ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሰማ ልቅነት አብዛኛውን ጊዜ የታይሮድ ነው። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፤ ይህኛው ኩሽኔታውን ወይም ቦል ጆይንቱን ያጋልጣል። ሁለቱን ለመለየት ረዳትዎ ፍሬን ረግጦ ይያዝ፤ ፍሬን ሲያዝ ልቅነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ከዚያ አልፎ ወዳለው መገጣጠሚያ መሄድ ይገባል። ከዚያ ቀደም ብዬ እንደነገርሁዎት መኪናው መሬት ላይ ሳለ በጣት ይፈተሽ። በብዙ የቶዮታ ሚኒባሶች ላይ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባር የተባለው የሚጠማዘዝ ዘንግ ስለሆነና ከብዙ ዘመን ጭነት በኋላ ስለሚዝል፣ የፊቱ ቁመት በግራና በቀኝ እኩል መሆኑም ይለካ፤ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር የጎማው ማዘንበልም ቶውም አብረው ይለወጣሉና።

የጎማ አየርን ነገር በእርስዎ መስመር ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር ሙቀት የተሞላ አየር በማግስቱ በደብረ ብርሃን ውርጭ ንጋት ሲለካ ያንኑ ያህል ሆኖ አይገኝም። ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ሁለት ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ከፍ ብሎ ማንበብ ነበረበት፤ ብርዱ ግን ከዚያ በላይ ስለሚያወርደው በመጨረሻ ከአንድ እስከ ሁለት ፒ ኤስ አይ ጎድሎ ይገኛል። ይህ ብቻውን ጎማ አይበላም፤ ነገር ግን አንዱ ጎማ ቆላ፣ ሌላው ደጋ ላይ ከተሞላ ግራና ቀኙ እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቦታ፣ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ።

ልቅነቱ ሁሉ ከተወገደ በኋላ አንድ አላይመንት ይበቃዎታል። ሠራተኛው ካስተርን (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉን) እና ካምበርን (የጎማው አናት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉን) አስቀድሞ ቶውን በመጨረሻ ማስተካከሉን ይመልከቱ፤ ከፊተኞቹ አንዱ ሲነካ ቶው ስለሚዛባ፣ ቶን አስቀድሞ የሠራ ሰው መልሶ መሥራት ይኖርበታል። ለባለንብረቱም ይህን ይንገሩልኝ፦ መዳፍዎ የመጋዝ ጥርስ ካገኘ፣ ያንን አነዳድ አያመጣውም።

ጥያቄ፦ በመንዝ መሐል ሜዳ አካባቢ አይሱዙ የጭነት መኪና አለኝ። እዚህ የኮምፒውተር አላይመንት የለም፤ ለዚያ ብቻ ደብረ ብርሃን መውረድ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራና ነዳጅ ይፈልጋል። የአካባቢያችን መካኒክ በሜትርና በክር ይሠራል። እንዲህ ያለው ልኬት ይታመናል?
ባለንብረት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ለእርስዎ መኪና በሚገባ ከተሠራ ይታመናል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። በአብዛኞቹ የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመው አንድ ወጥ አክስል ስለሆነ፣ በየጊዜው የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው። ካምበር በአክስሉና ጎማው ግራና ቀኝ በሚታጠፍበት ፒን፣ በኪንግ ፒኑ፣ የተወሰነ ነው፤ እርሱ ከተዛባ አክስሉ ጎብጧል ወይም ኪንግ ፒኑ አልቋል፤ ይህም በማስተካከል ሳይሆን በመጠገን የሚፈታ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የኪንግ ፒኑን ልቅነት ያስፈትሹ።

ልኬቱን የሚያበላሸው ሜትሩ ሳይሆን የሚለካበት ምልክት ነው። ከጎማ ጥርስ እስከ ጎማ ጥርስ በዓይን ገምቶ መለካት ከሦስትና አራት ሚሊ ሜትር በላይ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሚፈለገው ቶ ራሱ ሊበልጥ የሚችል ስሕተት ነው። መካኒክዎ እንዲህ ያድርግ። መኪናው በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ባዶውን ይቁም፤ አየሩ በሁለቱም ጎማ እኩል ይሁን። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ያንሣና የጎማውን መሐል ዙሪያውን በጠመኔ ያንጣ፤ ከዚያ ሚስማር የተመታበትን ጣውላ መሬት ላይ አስደግፎ፣ ሚስማሩን ሳያነቃንቅ በጠመኔው ላይ አስጠግቶ ጎማውን አንድ ዙር በእጁ ያሽከርክረው። ሚስማሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀጥ ያለ መስመር ይጽፋል። ሁለተኛውንም ጎማ እንዲሁ ያድርግ።

ሁለቱም ጎማዎች ከወረዱ በኋላ መሪውን ቀጥ አድርጎ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይግፋው፤ ክሪክ ያነሣውና ያወረደው ጎማ ተጨናንቆ ስለሚቆም በቦታው የሚወሰድ ልኬት ሐሰተኛ ነው። ወደ ኋላ ግን አይመልሰው፤ ወደ ኋላ መግፋት ልቅነቱን ሁሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያዞረዋል። ከዚያ በአክስሉ ከፍታ ልክ ከመስመር እስከ መስመር በፊት በኩል ለክቶ፣ በኋላ በኩልም ይለካል። በኋላ በኩል የመኪናው አካል ሜትሩን አላሳልፍ ካለው፣ የግንበኛ ቱንቢ ከመስመሩ ላይ ወደ ሲሚንቶው አውርዶ ነጥቡን በጠመኔ ምልክት ያደርግና ርቀቱን መሬቱ ላይ ይለካል፤ ይህኛውን እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ መሬት ላይ የተለካ ልኬት ሁለተኛ ሰው መጥቶ ሊያየውና ሊያረጋግጠው ይችላልና። የሁለቱ ርቀቶች ልዩነት ቶው ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ረጅሙ ዘንግ በአንዱ ጫፉ ቀኝ ዙር፣ በሌላው ግራ ዙር ጥርስ ስላለው፣ የሁለቱን ጫፍ ማጥበቂያዎች ለቅቆ ዘንጉን ራሱን ማዞር ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። ካጠበቁ በኋላ ደግሞ መለካት ግዴታ ነው፤ ማጥበቂያው ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት ሊዞር ይችላል። የሚፈለገው ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ይወሰድ፤ በተለይ ድሮ የነበረውን የክር ጎማ በራዲያል (በጥርሱ ሥር የሽቦ መታጠቂያ ባለው ጎማ) ቀይረው ከሆነ፣ ራዲያል ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ቶ ኢን ስለሚፈልግ የቀድሞውን ቁጥር አይድገሙ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ መኪናዬን ደብረ ብርሃን ውስጥ አላይመንት ካሠራሁ ወዲህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስነዳ መሪው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ስለቀውም መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስመለስ «የመንገዱ ነው» ተባልሁ። እውነት ነው?
መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየነገሩኝ ነው። የመሪው መዝመም የሠራተኛው ነው፤ የቶው ጠቅላላ ድምር ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱ ታይሮድ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ከተዞረ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መሪው ይዘማል። መሪው መሐል ላይ ታስሮ ሁለቱም ታይሮዶች እንደገና ሊሠሩ ይገባል፤ ይህንንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ወደ ቀኝ መሳቡ ግን በከፊል የመንገዱ ሊሆን ይችላል። አስፋልት የዝናብ ውኃ እንዲወርድበት ከመሐል ወደ ጠርዝ አዘቅዝቆ ስለሚሠራ፣ እኛም በቀኝ ስለምንነዳ፣ ደኅና መኪናም ሲለቁት ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ለማረጋገጥ ሰፊና ደልዳላ ግቢ ውስጥ በዝግታ ይሞክሩት። እዚያም ከሳበ የሁለቱን ጎማ አየር ያመሳስሉ፤ ቀጥሎ ጎማዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ የተሠሩ ካልሆኑ ግራና ቀኙን ያቀያይሩ። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ ከጎማው ነው፤ አላይመንት አያድነውም። ካልተለወጠ ጥቂት ነድተው ካቆሙ በኋላ እጅዎን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ ሳይነኩት ሙቀቱ ይሰማዎታል፤ የቀኙ ከበለጠ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የቀረው የካምበር ወይም የካስተር የግራና ቀኝ ልዩነት ነው። መኪና ካምበሩ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለበት፣ ወይም ካስተሩ ወዳነሰበት ወገን ይሳባል። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪናዎች ካምበር በፋብሪካ አሠራሩ እንዲስተካከል ታስቦ ስላልተሠራ፣ በአንድ ወገን ብቻ ጎልቶ ከተለየ የታችኛው ክንድ ወይም ሾኩ ጎብጧል ማለት ነው፤ በኮብልስቶን ጠርዝ ወይም በጉድጓድ መመታቱን ያስታውሱ እንደሆነ ለሠራተኛው ይንገሩት። ከእንግዲህም ከመሠራቱ በፊት የነበረውንና ከተሠራ በኋላ ያለውን ልኬት የያዘውን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ከፊተኛው ወረቀት ምን እንደተነካና ምን እንዳልተነካ ሌላ መካኒክ ሊያነብልዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፒክአፕ መኪናዬ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከ100 በላይ ሲሆን ይተወኛል። በክረምት ሞላሌ ደርሼ ከተመለስሁ ወዲህ የጀመረኝ ነው። አላይመንት ያስፈልገዋል?
አሽከርካሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በአንድ የፍጥነት ክልል ብቻ መጥቶ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ያለመሆን እንጂ የአላይመንት ጉዳይ አይደለም። የመንዝ መረሬ ጭቃ በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ተጣብቆ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚከብድ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጎማዎቹን ፈትተው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል በእንጨት ፍቀው በውኃ ይጠቡት። ሲያጥቡም በቸርኬው ጠርዝ ላይ የባላንስ እርሳስ ወድቆ ያረፈበት ንጹሕ ቦታ ብቻ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካገኙ ያንን ጎማ ለይተው ወደ ባላንስ ይውሰዱት።